ደጀኔ ግሥ ሲያወርድ

ለወንድሜ፣

እንዴት ከርመሃል? በቅሎ ጣለችው ያሉኝ ግራ ክንድህስ ጠገገ? አባባስ እንዴት ናቸው? እኔ እዚህ ቡሬ፣ ከንዴቴ በቀር ደህና ነኝ።

ደጀኔን ታውቀዋለህ፣ ጅቡቲ ለምቀጠርበት ፈተና ፈረንሳይኛ የሚያስተምረኝን። ድሮ የቅኔ ተማሪ ስለነበር የፈረንጁንም ግሥ እንደ ግዕዙ ነው የሚያስወርደኝ። ጎህ ሲቀድ መቋሚያውን መሬት እየመታ ቃሉን ይቆራርጠዋል፦ «ፓር! ለ! ሮን!» እንናገራለን ማለት ነው። እኔም በምት በምቱ እከተላለሁ።

ለገበያ መጥተህ እኔ ዘንድ ያደርክ ለት በር ላይ ቆመህ ሰማህ። ይኸ ሰውዬ ምን እያስደገመሽ ነው አልከኝ። ትምህርት ነው ብዬህ ሳቅሁ። ምነው ባልሳቅሁ! በሳምንቱ የጎረቤቴ የሸጋዬ ጥጃ ሞተ፤ አስማት ደግመው ገደሉት ተባለ። ማን አስወራው?

ቅዳሜ በጠራራ ፀሐይ ፊታቸውን በጋቢ የሸፈኑ ሦስት ሰዎች እኔና ደጀኔ ካለንበት ገቡ። ምንም አልጠየቁም። የደጀኔን አፍ ነው የመቱት፣ ደጋግመው አፉን! መንጋጋው ቋ ሲል ሰማሁ። ጥርሱን ከደሙ ውስጥ በእጄ ለቀምሁ። ጮኼ ስገባባቸው አንዱ ዱላውን አነሳብኝ፤ ሌላው በግራ ክንዱ መከተልኝና እሷን ተዋት አለ። እግዜር ያሳይህ፣ ለእኔ የሚሳሳ ወንበዴ ከየት መጣ?

ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ወስጄው መንጋጋውን በሽቦ አሰሩለት። ፖሊስ ማን መታህ ቢለው መናገር አልቻለም። እኔንም ጠየቁኝ፤ ፊታቸው ተሸፍኗል አልሁ።

አሁን ሽቦው ተፈትቷል። መቋሚያውን የምመታው እኔ ሆኛለሁ። መጀመሪያ «ፓር» ብቻ አለና ደም ተፋ። ትናንት ሦስቱንም ጨረሰ፤ ስቅስቅ ብዬ አለቀስሁ። ዛሬ ጠዋት ግን ፈረንሳይኛውን ተይው ብሎ በእጁ አሳየኝና የሰው ስም ጀመረ። እየቆራረጠ፣ በየምቱ፣ እስከ መጨረሻው አለው። ያንተን ስም ነው።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፣ ወንድሜ። ፖሊሱ ሰኞ ተመልሶ ይመጣል። ከዚያ በፊት ሽማግሌ ይዘህ፣ ድንጋይ ተሸክመህ ና። ካልመጣህ በእናታችን አጥንት እምላለሁ፣ ፖሊሱ ፊትም መቋሚያውን እመታለታለሁ።

ክንድህን እግዜር ይማርልህ፤ ልብህንም አብሮ።

የእናትህ ልጅ