ገድለሽ አምጪ

ጥቅምት 6
ተርቦቼ ዛሬም ተፈለፈሉ። ትንኝ እነሱ ፊት ግዙፍ ናት። የቲማቲም ትል እንቁላል ውስጥ የራሳቸውን ይጥላሉ፤ ትሉን ሳይወለድ ይበሉታል። ጨካኞች... እንዴት እንደምወዳቸው።
ቲማቲም አምራቹ ወንድሜ ደወለ። ከንግግሩ ሳሉ ይበዛል። ሐኪሙ፣ መርዝ መርጨት ካልተውክ ሳንባህን እርሳው ብሎታል። «ተርቦችሽ መቼ ነው የሚደርሱልኝ?» ፈቃድ እንደወጣ፣ አልኩት። ያለ ፈቃድ አንድ ብልቃጥ ባወጣ ቤተ ሙከራዬን ያሽጉታል።

ጥቅምት 19
ፈቃድ ቢሮ። መዝጋቢው ብልቃጡን ወደ መስኮቱ አነሣ።
«ይንቀሳቀሳሉ እኮ።»
«በሕይወት ስላሉ ነው ጌታዬ።»
«ሕይወት ያለው ናሙና አንቀበልም። ገድለሽ አምጪ።»
የቀለደ መስሎኝ ሳቅኩ። አልሳቀም።

ጥቅምት 20
ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተትኳቸው። በገዛ እጄ... ምን ላድርግ? ደንቡ የተጻፈው ለጠርሙስ መርዝ ነው። መቼም ለሙከራው ሕያዎቹን ይጠይቁኛል።

ኅዳር 2
ወንድሜ መርዙን ትቶ ትል በእጁ እየለቀመ ነው። ያን ሁሉ ማሳ።

ጥር 11
አልጠየቁኝም። ሬሳዎቹን እንቁላል ላይ በትነው ጠብቀዋል። ውጤት፦ «ተባዩን አይገድልም።»
«ሞተው እንዴት ይግደሉ?»
«እሱንም ጽፈነዋል» አለ መዝጋቢው። «ምርቱ ሳይበላሽ ሁለት ዓመት መቆየት ነበረበት። ያንቺ ሲመጣም አልቆለት ነበር።»
ከኋላዬ የተሰለፈው መርዝ አስመጪ ሳቁን መያዝ አቃተው። የሱ አዲስ መርዝ ወዲያው አለፈ። ጠርሙስ አይሞትማ። እኔ ደግሞ በሚመጣው ዓመት ሞክሪ ተባልኩ። ጠላኋቸው። ሁሉንም።

ጥር 30
ቤተ ሙከራውን ዘጋሁ። የቀሩትን ተርቦች አስወገድኩ።
አስመጪው ሱቁ ውስጥ ሥራ ሰጠኝ። «ተባይ የሚያውቅ ሻጭ ስፈልግ ነበር» አለ። እያሾፈ መሆኑ ገብቶኛል። ገባሁ። ከየት ልብላ?

የካቲት 14
ወንድሜ ሱቅ መጣ። ትሉ የማሳውን ግማሽ ጨርሶበታል። ባንኮኒውን ተደግፎ ደጋግሞ አሳለው... ሌላው ሻጭ እንዲያስተናግደው ወደ ጓዳ ልገባ ስል ጠራኝ።
«አንቺው ስጪኝ። የማያውቀኝ ሰው ያታልለኛል።»
የትኛው ቶሎ እንደሚጨርስ አውቃለሁ። ሰጠሁት። አፍህን ሸፍነህ እርጭ፣ አልኩት።
«እሺ፣ እህት ዓለም።»
ሳሉ ከመንገዱ ማዶ ይሰማኛል። ቀጣዩ ደንበኛ ጠጋ አለ።
«ለእኔም ለወንድምሽ የሰጠሽውን።»