ሁለት ጣት ትርፍ ጨርቅ

ይድረስ ለእህቴ፤ ከነልጆችሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ።

ልብስ ሰፊዋ የቀድሞ ባለቤቴ አገባች። ትናንት አዲሱ ባሏ ለጉዳይ ቢሮዬ መጣ፤ እሷ የሰፋችለትን ኮት ለብሷል። ታውቂኛለሽ፣ እንከን ሳላወጣ አላድርም። በሰላምታ አሳብቤ ትከሻውን ዳበስኩ፣ እጅጌውን ገለበጥኩ። ምንም የለም! እንዲህ ያለ ስፌት ከእሷ ሌላ ማን ይሠራል?

«ጋሼ፣ የሚፈትሹት ኮቱን ነው እኔን?» አለኝ፤ ባለጌ!

ሲወፍር እንዲለቀቅለት ከውስጥ ሁለት ጣት ትርፍ ጨርቅ ትታለታለች። አርቃ የምታስብ ሴት ናት። በእኔም ኮት እንዲሁ ትታልኝ ነበር፤ ዘንድሮ ግን ያለ ትርፉም ሰፍቶኛል። የቢሮ ሰዎች «አስጠብበው እንጂ» ይሉኛል። የእሷን ስፌት ማንም አይፈታውም!

ስለ ጤናዬ አታስቢ፤ እበላለሁ። ልጆቹን አገላብጠሽ ሳሚልኝ።

ታላቅ ወንድምሽ