ልክ ነሽ አክስቴ

ኅዳር 5 ቀን 2004፣ ማክሰኞ

ዛሬ ምስር አሳረርኩ። የደንበኛዬን የማዳም ኑራን ቀሚስ ዚፕ ስቀይር ረስቼው… ቤቱ በጭስ ታፈነ። መርዕድ አንዴ ጎረሰና «ይኼንስ ለጠላቴ» ብሎ ዳቦ በሻይ በላ። ባል ነዋ። መክሊት ግን ሳህኗን ጠርጋ «በጣም ይጣፍጣል አክስቴ» አለች። ይቺ ልጅ ምላስ የላትም እንዴ?

ምላሷስ ጤነኛ ነው። የእህቴ ልጅ ናት፣ እዚሁ ሳውዲ ዳማም ነርስ ሆና ከእኛ ጋር ትኖራለች። ከሥራ መልስ በርቀት ሁለተኛ ዲግሪ ትማራለች፤ ሕክምና እንዳይመስልሽ ደብተሬ፣ የባህል ጥናት። ባለፈው ሰኔ የመመረቂያ ጽሑፏን በስካይፕ አቀረበች። አንዱ ፈታኝ «ሥራሽ በጣም ሰፍቷል» ቢላት «ልክ ነዎት» አለች። ሌላው «በጣም ጠቧል» ቢላት እሱንም «ልክ ነዎት»። ጣሏት። የካቲት ላይ አንድ ዕድል ሰጥተዋታል። እሱ ካመለጠ ኸላስ፣ ያ ሁሉ ልፋት ገደል ገባ።

ዛሬ ማታ እራት ላይ «አክስቴ፣ ሳሎኑን ዓርብ ዓርብ ብንጠቀምበትስ?» አለችኝ። እንደ እሷ ከሚማሩ ሁለት ሰዎች ጋር ሦስት ሆነው ጽሑፋቸውን ሊከራከሩበት ነው። አስተማሪ የለም፣ ራሳቸው በራሳቸው። እሺ አልኩ። ምን ልሥራላቸው?

ኅዳር 8፣ ዓርብ

መጡ። ኡርጌሳ ዳህራን ሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ የሚያጠናው ግን የባቡር ጣቢያ ሠፈሮችን ታሪክ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጥያቄ የማያልቅበት። ዘይኔ ከኾባር ነው የመጣችው፣ ሆስፒታል ታስተረጉማለች፤ የምትጽፈው ስለ መንዙማ ነው። ባሏ አብዱሽኩር አድርሷት እዚሁ ከመርዕድ ጋር መኝታ ቤት ኳስ ያያል።

ጫማውን ሁሉ ወደ ውስጥ አስገባሁ። ደጅ ላይ ጫማ ሲበዛ የሕንፃው ዘበኛ ጸሎት ቤት የከፈትን ይመስለዋል፣ ከዚያ ሙሽኪላው አያልቅም።

ደንባቸው አንዱ ያነባል፣ ሁለቱ ያፋጥጡታል። ዛሬ ያነበበችው መክሊት ናት። ስለ ካሴት ነው… ድሮ ስልክ ውድ በነበረ ጊዜ እኛ ዓረብ አገር ያለነው ድምፃችንን ቀድተን ለቤተሰብ የምንልከው። እሱ ላይ ያለውን ሰላምታ ነው የምታጠናው። «እነ እገሌን ሰላም በሉልኝ፣ እነ እገሌንም…» ይኼ ዲግሪ ያሰጣል? እንግዲያ እኔ ዶክተር ነኛ።

ኡርጌሳ «ሰላምታ ቆጥረሽ ምን ልታረጋግጪ ነው?» ብሎ አፈጠጠባት። አንገቷን ደፋች። አላስቻለኝም፣ ሳምቡሳ ይዤ ገባሁ። «ሳይቀዘቅዝ ብሉ!» አልኳቸው። በሉ። ጥያቄውም ተረሳ።

ኅዳር 15፣ ዓርብ

ዛሬም ጥያቄው ጠንከር ሲል ሻይ አስገባሁ። ከዚያ ብስኩት። ከዚያ ቴምር። ዘይኔ ስቃ «እትዬ ወለላ፣ ወላሂ በዚህ አያያዝዎ ዲግሪው ቀርቶ ቀሚሴም እምቢ ሊል ነው» አለችኝ። ኡርጌሳ አዲስ ደንብ አወጣ፤ ጥያቄ ሳያልቅ ምግብ ማፊ፣ የለም። በገዛ ሳሎኔ…

ኅዳር 16፣ ቅዳሜ

አኩርፌያለሁ። እስካሁን ያስተዋለ የለም።

ታኅሣሥ 6፣ ዓርብ

ዛሬ ተፈለግኩ። መክሊት ለኡርጌሳ አሁን አሁን ትመልስለታለች፣ ያው እኩያዋ ነው። ፈታኞቹ ግን ሽማግሌዎች ናቸው። «ትልቅ ሰው ፊት ነው የምትሸነፈው» አለ ኡርጌሳ። «ትልቅ ሰው ያስፈልገናል።» ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ።

«እኔ? እኔ እኮ ከስምንተኛ ያቋረጥኩ ነኝ።»

«ዕድሜዎን ነው የፈለግነው እትዬ።»

ባለጌ። የመርዕድን መነጽር አድርገውልኝ ወንበር ላይ ሰየሙኝ። ምን ልጠይቅ? የማስበውን ተናገርኩ። «ልጄ፣ ያ ሰላምታ ካሴት መሙያ ነው። ወሬ ሲያልቅብን የሠፈሩን ሰው ስም እንጠራ ነበር፣ በቃ።»

መክሊት መሬት መሬት እያየች «ልክ ነሽ አክስቴ» አለች።

ኡርጌሳ ራሱን ያዘ። ሳምቡሳው ወጥ ቤት ቀዘቀዘ።

ጥር 4፣ ዓርብ

በየሳምንቱ ያንኑ እላታለሁ፣ በየሳምንቱ «ልክ ነሽ»። ዛሬ እነሱ ከሄዱ በኋላ መታጠቢያ ቤት ውሃውን ከፍታ ስታለቅስ ሰማኋት። ምን እያደረግኩ ነው? ለመርዕድ «ልተወው ነው» ስለው «አንቺ እዚህ ካዘንሽላት እዚያ ማን ያዝንላታል?» አለኝ። አንዳንዴ ቁም ነገር ያወራል።

ጥር 18፣ ዓርብ

ልቤን አጠንክሬ ገባሁ። «ስሚኝ፣ ካሴቱን የላክሁት እኔ ነኝ። መሙያ ነው ካልኩሽ መሙያ ነው። አንቺ ያኔ ልጅ ነበርሽ፣ ምን ታውቂያለሽ?»

ሊመጣ ነው «ልክ ነሽ»፣ አልኩ በልቤ።

«አይደለም።»

ዘይኔ እስክሪብቶዋ ወደቀባት።

«አይደለም አክስቴ። ልጅ ስለነበርኩ ነው የማውቀው። ካሴትሽ ሲመጣ እየዞርኩ ሰው የምጠራው እኔ ነበርኩ። ሰላም በሉልኝ ያልሽው ሁሉ ስሙን ሊሰማ አያቴ ቤት ይመጣል። ቶላ አናጢው ስሙን ሊሰማ መጥቶ እኮ ነው ጣሪያው ሲያፈስ ያየው። በነጋታው ቆርቆሮውን ቀየረላት። አንቺ እዚህ ሆነሽ በስም እየጠራሽ ሰው ትልኪላት ነበር። ያልጠራሽው አይመጣም ነበር።»

ጣሪያው መሠራቱንስ ሰምቼ ነበር… ማን እንደሠራው ጠይቄም አላውቅ። እማዬ ብቻዋን አልነበረችም ማለት ነው?

መነጽሩን አወለቅኩ። ዘይኔ ሶፍት አቀበለችኝ። ኡርጌሳ «ፈታኟን ማስለቀስ በደንባችን የለም» አለ። ራሱ ዓይኑ ቀልቷል።

አይደለም አለችኝ እኮ። ትንሽ ከፋኝ። ደስም አለኝ።

የካቲት 5፣ ሰኞ

ስካይፑ ዛሬ ነበር። መክሊት ሳሎኑን ዘጋች። ኡርጌሳና ዘይኔ ከሥራ ፈቃድ ወስደው መጥተው ከእኔ ጋር ኮሪደር ላይ ተኮለኮልን። እንግሊዝኛ ነው፣ አይገባኝም። አንድ የሽማግሌ ድምፅ ጠንከር ብሎ ጠየቀ። መክሊት ዝም። አሁንም ዝም… የሳምቡሳውን ሳህን ይዤ በሩ ጋ ደርሻለሁ። እጄ እጀታው ላይ ነው። ኡርጌሳ አየኝ።

አልገባሁም።

«ኖ ሰር» አለች መክሊት። ከዚያ ቀጠለች፣ ረጅም ነገር፣ ሳትንተባተብ።

አለፈች። ተቃቀፍን፣ ተላቀስን። ዘይኔ ገና ሳትረጋጋ «ዓርብ የእኔ ተራ ነው፣ መነጽርዎን ያዘጋጁ እትዬ» ትለኛለች። አሁን ስለ መንዙማ ምን ብዬ ነው የማፋጥጣት?

መክሊት ሳምቡሳ አነሳች። ገመጠች፣ አኘከች፣ ቆም አለች።

«አክስቴ፣ ጨው በዝቶበታል።»

መርዕድ እንኳ ከመኝታ ቤት ብቅ አለ።

ቀመስኩት። ልክ ናት።