የአለቃ ድምፅ የተዘጋ ሰሞን

ጥቅምት 4
ዛሬም የእሳት አደጋ ልምምድ። ክፍሉን ጭስ ሞሉትና ሰው የሚያህለውን አሻንጉሊት አውጡ አሉን። ሳናገኘው ወጣን። ከዚያ እንደተለመደው ውይይት... ውይይት ይሉታል እንጂ የሚያወራው አለቃ ብቻ ነው። "እናንተ ሰዎች እንቅልፍ ላይ ናችሁ እንዴ?" እኛ አቀርቅረን "እሺ፣ እሺ"። ምን ተማርን? ምንም። ትከሻዬ ሊገነጠል ደርሷል።

ጥቅምት 11
አሻንጉሊቱ ዛሬም "ሞተ"። አብራኝ የምትገባው፣ ድንቢጥ የምንላት ልጅ፣ ልብስ ስንቀይር "በግራ በኩል የሆነ ነገር ነክቶኝ ነበር" አለችኝ።
"ታዲያ ውይይቱ ላይ ለምን አልተናገርሽም?" አልኳት።
"ብናገርስ ማን ሊሰማኝ?"
እኔስ መቼ ተናግሬ አውቃለሁ?

ጥቅምት 13
እማዬ "ፊትሽ ጠቁሯል፣ ይቅርብሽ ይሄ ሥራ" አለችኝ። ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ተኛሁ።

ጥቅምት 18
አለቃን ጉንፋን ይዞት ድምፁ ጭራሽ ተዘግቷል። አሻንጉሊቱን አገኘነው! ከዚያ ክብ ሠርተን ተቀመጥን። አለቃ አፉን ይከፍታል፣ ሲር የሚል ነገር ብቻ ይወጣል። ድንቢጥ ጉሮሮዋን ጠረገች።
"አለቃ፣ አይቀየሙኝና... በሬዲዮ 'ፍጠኑ! ፍጠኑ!' ሲሉን እኔና እሷ አንደማመጥም። ዛሬ ያገኘነው ስላልጮሁ ነው።"
ክው አልኩ። ግን አፌ አላስቀመጠኝም፤ "ማን ግራውን፣ ማን ቀኙን እንደያዘም አንነጋገርም" አልኩ። እኔ!
አለቃ ተነስቶ ወጣ። አበቃልን... ውሃ ጠጥቶ ተመለሰና ቁጭ አለ። በእጁ "ቀጥሉ" አለን።

ጥቅምት 27
የእውነት እሳት። የጣውላ መጋዘን፣ ዘበኛው ውስጥ ቀርቷል። ዓይን ቢያወጡ አይታይም። ሬዲዮው ጸጥ። "ግራውን ይዣለሁ" አለች ድንቢጥ። "ቀኙን ይዣለሁ።" ትንሽ ሄደን "ቁሚ!" አለችኝ። ቆምኩ። የሚያቃስት ሰው... መደርደሪያ ሥር። የኋላው በር ገና ስላልተከፈተ ዞረን በፊት ለፊቱ ጎትተን አወጣነው። ይተርፋል አሉ፤ እግሩ ግን ክፉኛ ተቃጥሏል።

ጥቅምት 28
ሁላችንም በቁማችን ሬሳ ነን። አለቃ ድምፁ ከተመለሰለት ሰንብቷል። አሁን ወደየቤታችን ያሰናብተናል ስል መሬት ላይ አጠገባችን ቁጭ አለ።
"የኋላውን በር ቶሎ ባስከፍት ኖሮ እግሩ ይተርፍ ነበር?"
ድንቢጥ ቀስ ብላ "አዎ፣ አለቃ" አለችው።
ፊቱን በመዳፉ አበሰ። "እንዴት? ንገሩኝ።"
ዓይኔ እየተከደነ ነበር... ተጠጋሁና ጀመርኩ።