ጅራፍህ ጋሼ ሰይድ ዘንድ ነው

ይድረስ ለአባዬ፣

ከተለየኸን ወዲህ ማሽላው ታጭዶ፣ ተዘርቶ፣ ይኸው ዳግም አፍርቷል። እንዴት ነህ ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ ለምዶበት። አላህ ቀብርህን ያብራልህ።

ያን ቀን አዲሱን ሸሚዝህን ለብሰህ ስትወጣ፣ እማዬ ሰርግ የሚሄድ እንጂ የግሪሳ ወፍ ማደሪያ የሚያሳይ አትመስልም ብላ ሳቀችብህ። እኔም ሳቅኩ። በመኪና የጣርማ በርን ጠመዝማዛ ስንወርድ ዓይንህን የምትጨፍን ሰው፣ ከመድኃኒት ረጪው አውሮፕላን አብራሪ ጎን ተቀምጠህ ልትበር! ግን ወፉ ሮቢ ወንዝ ዳር የት እንደሚያድር ካንተ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ ማደሪያው ካልታወቀ ደግሞ መድኃኒቱ አይረጭም።

ትንሿ አውሮፕላን ከአቧራማው ሜዳ ገና ከመነሳቷ፣ ከጎረቤታችን ከጋሼ ሰይድ ማሽላ ላይ ግር ብሎ የተነሳው ግሪሳ ፊት ለፊት ገባባት። ሜዳው ጫፍ ካለው ግራር ጋር ተላትማ ወደቀች። አብራሪው ተረፈ። አንተ አልተረፍክልንም።

ወፉን ያስነሱት ጋሼ ሰይድ ናቸው፤ ማማቸው ላይ ሆነው ጅራፍ አጩኸው። ግሪሳ ማሽላው ላይ ሲያርፍ ጅራፍ የማያጮህ የይፋት ገበሬ የት አለ? አውሮፕላን ሊነሳ ነውና ያቁሙ ያላቸውም አልነበረም። እሳቸው ግን ከዚያ ወዲህ ጅራፍ አልነኩም ነበር። ለቅሶ ሲመጡ እንኳ ደጅ ተቀምጠው ነው የሄዱት።

ዘንድሮ ማሽላቸው ሲያፈራ ማማው ባዶ ሆነ። ወፉ ያለ ከልካይ ይለቅመው ጀመር። እማዬ አይታ አይታ አላስቻላትም። ያንተን ጅራፍ ከምሰሶው አውርዳ ሄደች፤ ተከተልኳት። ማማቸው ላይ ወጥታ ስታወናጭፈው መጀመሪያ የገረፈችው የገዛ ጀርባዋን ነው። ብታያት ትስቅ ነበር፣ አባዬ። በሁለተኛው ጮኸላት።

ጋሼ ሰይድ እየሮጡ መጡ። አጀሉ ደርሶ ነው እንጂ የእርስዎ ጅራፍ አልገደለውም፣ ልጆችዎ ምን ሊበሉ ነው፣ ማማው ላይ ይውጡ አለቻቸው። ጅራፍህንም አስያዘቻቸው። እንደ ልጅ አለቀሱ። ከዚያ ወጡ።

አሁን አመሻሽ ላይ ጅራፍህ ከእሳቸው ማሽላ ሲጮህ ይሰማናል። መጀመሪያ ሰሞን እደነግጥ ነበር። ዛሬ ዛሬ በጮኸ ቁጥር ዱዓ አደርግልሃለሁ። አልረሳህም፣ አባዬ፤ ግሪሳውም አያስረሳኝም።

ልጅህ ዘሃራ