የኖራው መስመር

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 5 ቀን 1971 ዓ.ም.

እኔ ሰይድ፣ የአሥራ አምስት ዓመት ኃጢአተኛ፣ ዛሬ ማለዳ ስምንት ድንጋይ ማንከባለሌን በዚህ ደብተር ፊት አምናለሁ።

ነዳጅ ስለጠፋ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሕዝቡ በእግሩና በብስክሌት እንዲሄድ አወጁ። በጀታቸው አንድ ጆንያ ኖራ ብቻ ነው። ዘበኛው ጋሽ እንድሪስ ድንጋይ ኖራ እየቀቡ በገበያው መንገድ ደረደሩ። እግረኛም ሆነ ብስክሌት ከመስመሩ ከወጣ ይታሰራል ተባለ። እኔ ደግሞ መስመሩን ወደ ረግረጉ አጠማዘዝኩት።

መጀመሪያ መሪጌታ ካሳ ነጭ ጋቢያቸውን ሰብስበው መጡ።

«መሪጌታ፣ ደረቁ በወዲህ ነው!» አለቻቸው ጌሾ ሻጯ።

«ወጥቼ ልታሰር?» ብለው እስከ ጉልበታቸው ገቡ።

አጥር ሥር ሆኜ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ቀጥሎ ሊቀመንበሩ በብስክሌት ደረሱ። የገዛ ሕጋቸውን አክብረው በአፍጢማቸው ተደፉ። ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ሰርግ አይቼ አላውቅም!

ግን ድንጋዩን የደረደሩት ጋሽ እንድሪስ ናቸውና «አሻጥረኛ» ተብለው ታሰሩ። ብናገር እስር ቤት የምገባው እኔ ነኝ። ሹልክ ብዬ ቤት ገባሁ። ጣቴን በአመድ ባሸው፣ ባሸው፣ ኖራው ከጥፍሬ ሥር አልወጣም።

በሩ ተንኳኳ። ድምፁ የጋሽ እንድሪስ ሚስት ነው።

«ሰይድ! አጥር ሥር ስትስቅ ታይተሃል፤ ና እስቲ፣ እጅህን አሳየኝ!»