መፍራት ያስተማርኳት ርግብ

ይድረስ ለምወድሽ እታለም፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ “ወይኔ” ትያለሽ? እማዬስ ዓይኗ እንዴት ሆነላት? ባለቤትሽ ከቴሌቪዥኑ ጋር መጨቃጨቁን ተወ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽሽም። አካሌ ደህና ነው፤ ልቤ ግን ተሰብሯል።

“ወይዘሮ” እያልን ስለምንጠራት፣ ዝይ ስለምታክለው ርግብ ጽፌልሽ አልነበር? ባልሽ “የበሬ ወለደ ወሬ ነው” ብሎ ስቋል አሉ። እውነቴን ነው እኮ! የዚህ ደሴት ርግቦች ጥንት እንደ ሰፈራችን ርግብ ትንንሽ ሆነው ከባሕር ማዶ በርረው የመጡ ናቸው ይላሉ የአእዋፍ ጥበቃው አለቃችን። የሚበላቸው አውሬ ስላልነበረ ከትውልድ ትውልድ ገዘፉ፤ መብረሩንም እርግፍ አድርገው ተዉት። እንሽላሊቱ ራሱ ክንዴን ያክላል። እነዚህ ርግቦች ሌላ አገር አይገኙም። ፍርሃት የሚባል ነገርም አያውቁም። ወይዘሮማ ደረቷን ነፍታ ጎምለል ጎምለል እያለች መጥታ የጫማዬን ማሰሪያ ትፈታው ነበር።

ሆቴል ሊሠሩ የመጡት ሰዎች ሥራው ሲቆም ድመቶቻቸውን ጥለው ሄዱ። ድመቶቹም ጫካ ገቡ። የማይበር፣ የማይሸሽ ሥጋ ሲያገኙ ምን ያድርጉ! እኛ ጠዋት ጠዋት ላባ ለቃሚ ሆንን። ወጥመድ ብንዘረጋ አንዱን ስንይዝ ሌላዋ ትወልዳለች። ለበላዮቻችን አቤት ብንል “ይታያል” አሉን። እስኪታይ ማን ሊተርፍ!

ከሴቶቹ ርግቦች ወይዘሮ ብቻ ስትቀር አለቃችን “መፍራት እናስተምራት” አሉና እኔን አዘዙኝ። ሰሃን እየደበደብኩ ላባርራት ወጣሁ። አይ የእኛ ነገር! እህል ስንሰጣት የኖርነው ያንኑ ሰሃን እያንኳኳን አይደል? ምሳ ደረሰ ብላ እየሮጠች መጣች። ወጥ ሠሪው ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ቆይቶ ግን አለቀስኩ።

ከዚያ መጥረጊያ አነሳሁ። እጄን ይቁረጠውና መታኋት። ደንግጣ አየችኝ፤ ሳላውቅ የመታኋት መስሏት ነው መሰል፣ ተመልሳ እግሬ ሥር መጣች። ደግሜ መታኋት። እንዲህ እያልን ሰነበትን። ማክሰኞ ዕለት ባዶ እጄን በሩን ብከፍት፣ ገና ስታየኝ ሸሸች። አለቃችን “ጎበዝ፣ ተሳካልህ!” ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

የሸሸችው ግን ወደ ጫካው ነው፤ ድመቶቹ ወዳሉበት። ግቢያችን ውስጥ ሰው ስላለ ድመት አይደፍርም ነበር። ይህን ማናችንም አላሰብነው። በማግስቱ ላባዋን አገኘሁት። በረንዳው ሥር የጣለችው እንቁላል ቀዝቅዟል። አሁን ወንዶቹ ብቻ ቀርተዋል፤ ሲመሽ ይጣራሉ፣ የምትመልስላቸው የለችም። ድምፃቸውን ላለመስማት ትራስ ራሴ ላይ እደፋለሁ።

ሥራውን ትተህ ና ብለሽኛል። እመጣ ይሆናል፤ እዚህ ምን ልጠብቅ ብዬ እቀመጣለሁ?

እማዬን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ስለ መጥረጊያው ግን እንዳትነግሪያት። ባለቤትሽንም ሰላም በይልኝ፤ አሁንማ ላምን ቢል እንኳ የማሳየው የለኝም። ሚጢ ልጅሽ ከወይዘሮ ላባ ላክልኝ ብላኝ ነበር፤ ይኸው ፖስታው ውስጥ አለ። ወይዘሮ ራሷ የላከችላት ነው በያት።

ወንድምሽ
ከደሴቱ ጥበቃ ቤት፣ ሚያዝያ ፱ ቀን